«ሰነፍ ነኝ» ያሉት መሪጌታ

ሰኞ ጠዋት፣ ወልድያ

ከመናኸሪያ የተነሣሁት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተናድጄ ነው የተነሣሁት፣ ምን እደብቃለሁ። ነርስ ነኝ፤ የምሠራበት ቡድን የጤነኛ ሰው ጠባይ በዕድሜ ብዛት ከሚመጣው የአንጎል ለውጥ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያጠናል። ከአራት ዓመት በፊት ላስታ ሄጄ አዛውንቶችን «ይጨነቃሉ? ሥራ ይወዳሉ?» እያልኩ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ አዲስ አበባ ሄደውም አንጎላቸው ፎቶ ተነሥቷል። አሁን ቅጹን ደግሜ ልሞላ፣ በቅርቡ የተነሡትን የሁለተኛውን ፎቶ ውጤትም ላደርስ ነው። ከመካከላቸው መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የድጓ መምህር ማስተማር ማቆማቸውን ሰማሁ። ለምን ብዬ ብጠይቅ የቢሮው ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰበቀ።

ድልብን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ጆሯችን ተደፈነ። ጋሸና ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላሁ፣ ሃያ ብር። ከፍላቂት የመጡ አንድ ገብስ ነጋዴ ሥራዬን ጠይቀውኝ ብነግራቸው፣ የሰው ጠባይ በወረቀት ይያዛል ወይ ብለው ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። ላሊበላ የገባሁት አቧራ ለብሼ ነው።

ማክሰኞ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲህ

በባጃጅ ጥቂት ሄጄ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ያኔ ስመጣ የተማሪዎቹ ዜማ ከመንገድ ይሰማ ነበር። አሁን የተማሪዎቹ ጎጆዎች በራቸው በገመድ ታስሯል። የመሪጌታ ባለቤት እማማ ተዋበች ጠላ ቀዱልኝ፤ መሪጌታም ከመጻሕፍታቸው መካከል አንድ ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ።

የእኛው ቢሮ ማኅተም ነው። ለትብብራቸው ያመሰግንና፣ በጠባያቸው ምክንያት አእምሮአቸው ቶሎ ሊደክም እንደሚችል በምክር መልክ ይነግራቸዋል። ምክር ተብሎ! ድጓ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፣ ከመምህር አፍ ነው። መምህሩ ከሳተ ተማሪው ስሕተቱን ተሸክሞ ሌላ ደብር ያደርሰዋል። መሪጌታ ይህን ፈርተው ስምንት ተማሪዎቻቸውን መርቀው አሰናበቷቸው።

ቅጹን አወጣሁ።

«መሪጌታ፣ ሥራ ይወዳሉ?»

«ሰነፍ ነኝ ልጄ። የኔን ስንፍና ማን ችሎት።»

ይጨነቁ እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ የኃጢአታቸው ብዛት እንደሚያስጨንቃቸው ነገሩኝ። ያኔም ያሉኝ ይህንኑ ነበር። እኔም «ሰነፍ»፣ «ጭንቀታም» ከሚለው ፊት ምልክት አድርጌ ሄድኩ፤ ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ነው።

እማማ ተዋበች ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ዶሮ ሳይጮህ ያልተነሡበት ቀን አላውቅም። የቤተ ክህነት ሰው ትጉህ ነኝ ብሎ ራሱን ያወድሳል እንዴ? አንቺ ይህን አምነሽ ጻፍሽው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ «እኔ ምናምንቴው» ሲል ሰምቼ ያደግኩ፣ ወረቀት ሲሰጡኝ ጆሮዬን ዘጋሁ።

የፎቶውን ውጤት የያዘውን ፖስታ ቀድጄ አነበብኩላቸው፦ ሁለቱ ፎቶዎች ሲነጻጸሩ የሚያሳስብ ለውጥ የለም። መሪጌታ ደብዳቤውን ከፊቴ አነሡ።

«ታዲያ ልጆቹን ለምን በተንኩ?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አቃጠለኝ። ተማሪዎቹ የት እንዳሉ ጠየቅኩ። ሁለቱ ወደ ወገል ጤና ከተማ ተሻግረዋል ይባላል፤ የቀሩት የቀን ሥራ ፍለጋ ሄደዋል፣ አድራሻቸውን የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ቤቴ

ቦርሳዬን ሳላወርድ አለቃዬ ደወለ። የአሁኑ መልስ ከፊተኛው አንድ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። «ጠባያቸው አልተለወጠም ማለት ነው፤ ንጹሕ መረጃ ነው» አለኝ። ምን ያህል እንደጮኽኩበት ጎረቤቶቼ ይንገሯችሁ። በሁለቱም ቅጾች ላይ «ይህ ትሕትናቸው እንጂ ጠባያቸው አይደለም፤ ስሕተቱ የጠያቂዋ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከእንግዲህ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ሳልጠይቅ የማንንም ሰው ጠባይ አልጽፍም።

ከዚያ እማማ ተዋበች ጋ ደወልኩ። መሪጌታ ጎጆዎቹን ከፍተው ጠርገዋል አሉኝ። ዛሬም ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጣ ተማሪ ግን የለም።