ያጠፋነው መስመር

ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሰፈር መብራት ካጣ ሰንብቶ ነበር። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ምትኩ ከውጭ ይጠበቃል። «ወደብ ደርሷል» ሲባል፣ «ገና ነው» ሲባል፣ ሰዉ ተሰላቸና አቅም ያለው ጣሪያው ላይ ሶላር አስተከለ።

ትራንስፎርመሩ ሲደርስ፣ ከማገናኘታችን በፊት የመንገዱን ሽቦ ልንጠግን መብራት ኃይል አብሮኝ ከሚሠራ ባልደረባዬ ጋር ወጣን። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን በመሞከሪያ ነካው።

«ምንም የለውም። ፒንሳውን አቀብዪኝ» አለኝ።

ድንገት ኤሌክትሪክ ቢመጣ ወደ መሬት እንዲሄድ፣ ለጥንቃቄ ሽቦውን ከመሬት ጋር የምናያይዝበት ገመድ ነበረን። ተበጥሶ ሌላ ታዟል፤ አልመጣም። ቢሆንም ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሽቦ ኤሌክትሪክ ከየት ያመጣል?

ፒንሳውን አቀብዬው ዞር ከማለቴ ከላይ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ እጁ ሽቦው ላይ እንዳለ ደርቋል። በዚያው ቅጽበት በየሱቁ አምፖል በራ።

«መብራት መጣ! ኢብሳን ዱፌ!» ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።

እኔ ወደ ላይ አንጋጥጬ እጮሃለሁ። ምኑን ላጥፋ? ማጥፊያውን ሁሉ ራሳችን አጥፍተነዋል! ወዲያው አምፖሎቹ ድርግም አሉ፤ ጋሼም እጁ ለቀቀና በወገቡ ቀበቶ ተንጠለጠለ።

የወተትና የሥጋ መሸጫ ያላቸው አዛውንት ከሱቃቸው ወጡ።

«ፍሪጁን ላስነሳ ሶላሩን ባበራው ጠፋብኝ» አሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩ። «ያ ረቢ!»

«ሐጂ፣ እንዳያበሩት! ነቅለው ይጣሉት!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ጋሼን የያዘው የሳቸው ሶላር ነበር። የቤታቸውን ኤሌክትሪክ ከመንገዱ የሚለየው መቀያየሪያ አገር ውስጥ ስለጠፋ፣ ባለሙያው «እስኪመጣ» ብሎ ሶላሩን በቀጥታ ከመንገዱ ሽቦ ጋር ቀጥሎላቸዋል። የሰፈሩ ጭነት ከብዶት ባይጠፋ ኖሮ ጋሼን አይለቀውም ነበር።

ሰዎች መሰላል አቁመው በገመድ አወረዱት። እስትንፋሱን አጣሁት። ደረቱን መጫን ጀመርኩ፤ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ድንገት ጋሼ ሳለ። በሐጂ ፒካፕ ወደ ሆስፒታል ስንከንፍ ዓይኑን ገለጠ።

«ማን አበራው?» አለኝ።

ሐጂ ከፊት ወንበር እያለቀሱ ነበር።

ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። ከሆስፒታል ወጥቶ ሰበታ ቤቱ ሲያርፍ ልጠይቀው ብሄድ ሐጂ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

«እኔ የማበራው የቤቴን ብቻ መስሎኝ፤ ወላሂ መንገድ ላይ እንደሚወጣ አላወቅኩም» ይሉታል።

«ማን ነግሮዎት ያውቃሉ?» አለ ጋሼ። «እኔስ መቼ ጠረጠርኩ? ስንት ዘመን ምሰሶ ላይ ስወጣ ኤሌክትሪክ ከሰው ቤት ወደ መንገድ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

በግራ እጁ ሻይ ሊቀዳላቸው ሞከረ። ሐጂ ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን ተቀበሉት።

እኔ አሁንም ምሰሶ ላይ እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን ሰፈሩን በእግሬ ዞሬ ጣሪያዎቹን አያለሁ፤ ሶላር ያለበትን ቤት ሁሉ አንኳኩቼ አስጠፋለሁ። የመሬት ማያያዣው ገመድ ከሌለ ደግሞ አልወጣም።