ከቡሬ የሚላክልኝ የፊት ቅባት

ይህ የደረሰብኝ ሠርጌ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነው፤ ሞባይል ስልክ ገና ፍኖተ ሰላም አልገባም ነበር። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ዛሬም አንዲት ሴት "ማርና እርድ ቀላቅላችሁ ፊታችሁን ተቀቡ" ስትል ከሰማሁ የበላሁት ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ልጆቼ በስልካቸው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ "አጥፉልኝ!" ብዬ እጮሃለሁ። እናታችን ዘመናዊ ነገር አትወድም ይላሉ። ነገሩ ሌላ ነው።

ያን ጊዜ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ፊቴ ብጉር ብቻ ነበር። ግንባሬ፣ ጉንጬ፣ አገጬ፣ የቀረ ቦታ አልነበረም። ከጓዳ ያልሞከርኩት ነገር የለም። የእንቁላል አስኳል ተቀብቼ ቤቱ ሁሉ ሸቷል። ሎሚ ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ተለብልቤያለሁ። ነጭ ሽንኩርት ያስቀባችኝ ጎረቤትም አለች፤ እሷን እግዜር ይይላት። ግምገማ በተቀመጥን ቁጥር ሰብሳቢው ስለ ሥራ አፈጻጸም ያወራል፣ እኔ ግን ሰው ሁሉ ብጉሬን የሚቆጥር ይመስለኝና አንገቴን እደፋለሁ።

እጮኛዬ ሙሉቀን ቡሬ ከተማ አስተማሪ ነበር፤ ዲያቆንም ነው። አባቱ ቄስ ናቸው፤ የወላጆቹ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ዲያቆን የሚያገባው በተክሊል ነው። ለተክሊል ደግሞ ሙሽራውም ሙሽሪትም ድንግል መሆን አለባቸው። እኛ በዚህ በኩል የሚያሳፍረን ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሁሉም አልቆ ነበር። የቀሩት እናቱ ብቻ ናቸው።

እናቱ እማማ ይታይሽ አልወደዱኝም። "የከተማ ልጅ ናት፤ ቢሮ ከወንድ ጋራ ስትውል የከረመች" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሰላምታቸው እንኳ ጉንጭ ሳይነካ የሚያልፍ ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሙሉቀን የማርማላታ ብልቃጥ ይዞ መጥቶ "እናቴ ናት የላከችልሽ፤ ለብጉርሽ" ሲለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ውስጡ ቢጫ፣ ወፈር ያለ ቅባት ነው። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፦

"የራሰ አብሽ፣ ገብስ፣ እርድና ነጭ ማር። ሁሉም ከጓዳ ነው። ማታ ተቀብተሽ ጧት ታጠቢው" አለኝ።

አብሽ የወቀጠ ሰው ያውቀዋል፤ ምንም ቢደቅቅ ይሻክራል። ይህኛው ግን ልስልስ ያለ ነበር። ጣቴን ስነክር ይሳባል። በምን ቢፈጩት ነው እንዲህ የላመው ስለው፣ "እናቴ ታውቅበታለች" ብሎ ወሬ ለወጠ።

ተቀባሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ሠራ። ወር ሳይሞላ ግንባሬ ጠራ፣ ከዚያ ጉንጬ ተከተለ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ባይሠራ ኖሮ በጊዜ ጥዬው እገላገል ነበር። ብልቃጡ ባለቀ ቁጥር ሙሉቀን ሌላ ያመጣልኛል። ማር ስላለበት ይጣፍጣል። ተቀብቼ ስጨርስ ጣቴን እልሰው ነበር። ከንፈሬ ላይ የደረሰውንም እንዲሁ። የምጨልፍበትን ማንኪያም ጭምር።

ይባስ ብዬ ለሰው አካፈልኩ። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጥ አስናቀች የምትባል ባልደረባ ነበረችኝ፤ ከንፈሯ በብርድ ይሰነጣጠቅባታል። በትንሽ ዕቃ ቆንጥሬ ሰጠኋት። በቀን ሦስቴ ከንፈሯን ትቀባና ምላሷን ታዞርበታለች። "ምን ዓይነት አማት ነው እግዜር የሰጠሽ!" ትለኛለች። እኔም ኩራቴ ሌላ ነበር። ለእማማ ይታይሽ በሙሉቀን በኩል "እጅዎን ይባርከው" ብዬ ላክሁላቸው። "እጄማ ምን ደክሞ" ብለው መለሱልኝ። ትሕትና መሰለኝ።

በዚህ መሐል የሙሉቀን አጎት ሞቱ። ለቅሶ ላለመድረስ አይቻልም፤ ያውም የምገባበት ቤት ለቅሶ። ከታላቅ እህቴ ከዘውድነሽ ጋር ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ ሄደን፣ ከዚያ በእግር ገባን። አለቀስን፣ አመሸን፣ ለሴቶች ከተነጠፈበት ጎን ተኛን። ማታ እማማ ይታይሽ በእጃቸው ቁርበት አንጥፈውልኝ፣ ጋቢ ደርበውልኝ፣ ጉንጬን ዳበስ አድርገው "ጠርቶልሻልሳ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ጎህ ሲቀድ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ስዞር እማማ ይታይሽን አየኋቸው። ጎናቸውን ሰጥተውኝ ስለተቀመጡ አላዩኝም። ከአጠገባቸው የማር ቅል፣ እርድና ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ አለ። ጭናቸው ላይ የራሰ አብሽና ገብስ የያዘ ጣባ አለ። ከጣባው እፍኝ ሙሉ ዘግነው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ማኘክ ጀመሩ።

የሚበሉ መስሎኝ ነበር። ጉንጫቸው አብጦ ወዲህና ወዲያ ሲል ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሌላ ጣባ ውስጥ ተፉት። ለሐጫቸው ከከንፈራቸው እስከ ጣባው እንደ ክር ተንጠለጠለ። እሱን በጣታቸው ቆርጠው ጣባው ውስጥ ጨመሩት፤ እንዲባክን አልፈለጉም። ከዚያ ሌላ እፍኝ ዘገኑ። የተፉትን ከማሩና ከእርዱ ጋር ለውሰው ወደ ብልቃጡ ሲያንቆረቁሩት፣ ያ የማውቀው ልስልስ ነገር፣ ያ የሚሳበው፣ ሳብ እያለ ወረደ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ጣቴ። ማንኪያው። የአስናቀች ምላስ። ገላዬ ላይ አንዳች ነገር የሚሄድብኝ መሰለኝ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወደ ጓሮው ሮጥኩ። ጌሾው ሥር ተደፍቼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። ባዶ ሆዴ እንኳ አልቆም አለ፤ ሐሞቴ እስኪመጣ አስታወከኝ።

ቀና ስል ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሁለት የሰፈሩ ሴቶች ቆመዋል። አንዷ ግንባሬን ደገፈችኝና "ምን ሁነሽ ነው ልጄ?" አለች። ሌላዋ ግን ዓይኗን ከፊቴ ወደ ሆዴ አወረደችው።

ቤት ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። ሴቶቹ ቆሎ አቀረቡልኝ። ገብስ ነው። አንዲት ፍሬ አንስቼ አፌ አጠገብ ሳደርስ እንደገና አቅለሸለሸኝና መልሼ አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ "እህልም አስጠላት" ተባለ።

ረፋዱ ላይ እማማ ይታይሽ እኔንና እህቴን ወደ ጓዳ ጠሩን። ብልቃጡ ሞልቶ፣ ክዳኑ ተከድኖ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። እኔ ዓይኔን ከሱ ማንሳት አልቻልኩም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው" ብለው ጀመሩ። "ጌሾየ ሥር አስመለሳት አሉኝ። እህልም አልቀመሰችም።"

"መንገዱ ደክሟት ይሆናል" አለች ዘውድነሽ።

"ደክሟት ከሆነ እንኳን ደከማት። እኔ ከሠርጉ በፊት የክርስትና ጠላ እንዳልጠነስስ ብየ ነው።"

እህቴ ገባት። ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ። የገዛ እህቴ! ያሳደገችኝ እህቴ!

"አይደለም! የማርያምን! ወንድ የሚባል አላውቅም" አልኩ።

"ታዲያ ምን አስመለሰሽ?" አሉ እማማ ይታይሽ።

ምን ልበል? እውነቱን ብናገር የአማቴን ምራቅ ተጸየፍኩ ማለት ነው፤ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ዝም ብል ደግሞ አርግዣለሁ፤ ተክሊሉም ሠርጉም ቀረ፣ ሙሉቀንም ቀረ፣ ስሜም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ድረስ ይወራል። ጠላው ነው አልኩ። ትናንት ማታ የጠጣሽው ውሃ እንጂ ጠላ አይደለም አሉኝ። ብርድ ነው አልኩ። ብርድ ያስነጥሳል እንጂ አያስታውክም አሉኝ።

"ልጄ ዲያቆን ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ እየጠረጠርኩ አክሊል አይደፋም። አዋላጇ እዚሁ ደጅ ናት። ትይሽና ይለይ። ንጹሕ ከሆንሽ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

አዋላጇ ያቺ ዓይኗን ወደ ሆዴ ያወረደችው ሴት ነበረች። ያቺ ሴት እዚያ ጓዳ ውስጥ ልብሴን ልትገልጥ፣ ጣቷን... በእውነት ከምራቁ ይልቅ ይኼ ቀፈፈኝ። ሳላስበው ጣቴን ወደ ብልቃጡ ቀሰርኩና ጮህኩ።

"እሱ ነው ያስመለሰኝ! ጧት ሲያኝኩት አየሁዎት! ሲተፉት አየሁዎት! ፊቴን በምራቅዎ ስቀባ ነው የከረምኩ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እህቴ አፏን ያዘች። እማማ ይታይሽ ብልቃጡን ተመለከቱት።

"እህል ያልገባበት የጧት ምራቅ ነው መድኃኒቱ" አሉ፤ እንደ ቁጣም አይደለም። "እናቴም ለኔ እንዲያው ነበር ያረገችልኝ። ሙሉቀንም ጥርስ እስቲያወጣ እያኘክሁ ነው ያጎረስሁት።"

ብድግ ብለው ብልቃጡን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ እኔ ሳይዞሩ፦

"ፅንሱ ይሻለኝ ነበር" ብለው ወጡ።

አዋላጇ አልተጠራችም። ሙሉቀን መንገድ ድረስ ሸኘን። አንተ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አንገቱን ደፋ። "እኛ ቤት ነውር አይደለም፤ ብነግርሽ ግን አትቀቢውም ብየ ነው" አለኝ። እሱንም በዚያች ሰዓት ተጸየፍኩት። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ድረስ ፊቴን በነጠላ እየፈተግሁ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ሙሉ የልብስ ሳሙና ጨረስኩበት።

ለአስናቀች አልነገርኳትም። ቅባቱ ቀረ ወይ ስትለኝ አማቴ ታመዋል አልኳት። ይህን ካነበበች ከኔ መንደር አትድረስ፤ እኔም ከሷ መንደር አልደርስም።

ሠርጉ ይፈርሳል ብዬ በየቀኑ ስጠብቅ ቆየሁ። አልፈረሰም። እማማ ይታይሽ ለማንም ምንም አልተነፈሱም፤ ለቄሱ እንኳ ሳይቀር። ብጉሬ ግን ያለ ቅባት ለሠርጌ ቀን ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ ፎቶው ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በተክሊል ተጋባን። ከቤተ ክርስቲያን ወደነሱ ቤት ሄድን፤ ዳሱ ሰው ጢም ብሏል። እማማ ይታይሽ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በመቀነት አስረው ሊያጎርሱን መጡ።

ሙሉቀንን አጎረሱት። ሚዜዎቹን አጎረሱ። ከዚያ ለእኔ ጠቀለሉ። እኔ ጧት ቅዳሴ ላይ ቆርጬ ነበር፤ ምንም ይሁን ምን እውጠዋለሁ፣ ነገሩም እዚያ ያልቃል ብዬ። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። እጃቸው ከአፌ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እኔ አፌን እንደከፈትኩ፣ ቀኝ እጄን ያዙና ጉርሻውን መዳፌ ላይ አኖሩት። ጣቶቼን በራሳቸው እጅ አጠፉልኝ።

"እንዳይቀፍሽ" አሉኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ።

እማማ ይታይሽ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። እኔ ደግሞ አልዋሽም፤ ያ ጣባ ዛሬም ይቀፈኛል፤ የራሰ አብሽ ቤቴ አይገባም። ጠባዬ ነው፤ ልለውጠው ሞክሬ አቅቶኛል። ግን በየበዓሉ ስንሰበሰብ አፌን ከፍቼ ጠብቄያቸው አውቃለሁ። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ። አላደረጉትም። ልጆቼን ያጎርሳሉ፣ ባሌን ያጎርሳሉ፣ ድንገት የመጣ እንግዳ እንኳ ያጎርሳሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን እዘረጋለሁ።