ያጠፋችውን ማብሪያ የካደች መምህርት

ናሊያካን ያወቅኳት ጁባ ነው። ሁለታችንም ከኬንያ ነን፤ እኔ እዚያ አንድ የሙያ ኮሌጅ ውስጥ የቧንቧ ሥራ አስተምር ነበር፣ እሷ ኤሌክትሪክ። አገራችን ውስጥ ቡንጎማ በምትባል ከተማ አሥራ አንድ ዓመት አስተምራ፣ ኮሌጇ ሲዘጋ ነው ድንበር የተሻገረችው።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ አሾፉባት። ሴት ምሰሶ ላይ ስትወጣ አይተው አያውቁም፤ ከታች ሆነው ያፏጩ ነበር። ከሁሉም የባሰው ወኒ የሚባለው ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን ከጎኗ የማይጠፋ እሱ ሆነ።

እንግዶች ሊጎበኙን በሚመጡበት ዋዜማ ናሊያካ ዋናውን ማብሪያ አጥፍታ፣ ጓጉንቸር ቆልፋበት፣ ወኒ የተቋረጠውን የኤሌክትሪክ መስመር እንዲቀጥል አዘዘችው። ዲኑ ጃዳ ደግሞ የአዳራሹን መብራት ለመሞከር ቸኩሎ ጓጉንቸሩን በዘበኛ አሰበረና አበራው። ወኒን ኤሌክትሪክ ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከአንጓው ላይ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ጃዳ ሁለታችንንም አስጠራን፤ እኔን ለምስክርነት። ናሊያካ እንድትፈርምበት ያዘጋጀው ወረቀት «ማብሪያውን ማጥፋት ረስቼ» ይላል።

«ጓጉንቸሩን ያሰበሩት እርስዎ ነዎት» አለችው ናሊያካ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ግን እኔ አገሬ ነው። ያንቺን የሥራ ፈቃድ የማሳድሰውም እኔ ነኝ። ከፈረምሽ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በቃ። ካልፈረምሽ ፖሊስ ጋ ትነጋገሪያለሽ።»

ናሊያካ ዞራ አየችኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ፈረመች። ከሥሯ እኔም ፈረምኩ።

ወኒ ከሆስፒታል እንደወጣ ትምህርቱን ቀጠለ። በግራ እጁ መጻፍ ለመደ፣ ሽቦ በጥርሱ ይልጥ ጀመር። ጃዳ ግን የተግባር ሥራ የማይችል ይሰናበት ብሎ ወሰነ፤ ስሙን ክፍል ገብታ እንድታነብ ያዘዘውም ናሊያካን ነው።

አነበበች። ወኒ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ስትቆልፊው እኮ አጠገብሽ ነበርኩ። ለምን ረሳሁ አልሽ?»

«ረስቼ ነው» አለችው።

ከኋላ አንዱ «አጨብጭብና ውጣ!» ሲለው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ናሊያካ ዝም በሉ አላለችም። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ የጀመረችውን ሥዕል ቀጠለች። ወኒ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወጣ።

የእሷም የእኔም ፈቃድ ታደሰ። ስለ ወኒ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ዘንድሮ የክፍል ኃላፊ ሆናለች። ተማሪ ሲሳሳትባት መዳፉን በብረት ማስመሪያ ትመታዋለች፤ ድሮ ተማሪ መትታ አታውቅም ነበር።