የጅጊው ቀን ዱባ

አባቴ ያን ቀን ከትሪው ላይ እጁን ለምን አላነሣም? ዱባ ተከትፎ ቁሌት ላይ ሲወድቅ የሚወጣው ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ይህ ጥያቄ አብሮት ይመጣል። መልሱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም በመንደራችን በሮቢት ከተቀበረ ዓመታት አለፉ። በሕይወት ሳለ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ የሚነግረኝን ፈርቼ መልሼ ዘግቼዋለሁ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ቤታችንን የያዘችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ መዲና ነበረች። አንድ ልጇን ዋጃ ከተማ ድራ፣ ጓዟን ጠቅልላ እኛ ዘንድ የገባች ባለሙያ ሴት ነበረች። ላለመዋሸት፣ አላስራበችኝም፣ አልመታችኝምም፤ ፀጉሬን በየሳምንቱ ቅቤ ቀብታ ትሠራኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አትችልም ነበር፤ ተሳስተሻል መባልን። ዛሬ ይዘንባል ብላ ሰማዩ ጠርቶ ከዋለ፣ ከሰማዩ ጋር ተኳርፋ ትውል ነበር።

ሞባይል ገና አገራችን ሳይደርስ በአንዱ በልግ፣ አባቴ ከጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ቁራሽ መሬት ደርሶት፣ ከቆቦ የምትመላለሰው የግብርና ሠራተኛ ሰናይት አዲስ የዱባ ዘር አምጥታ አብራው ዘራች። ፍሬው ሲደርስ ግን እኛ የምናውቀውን ክብ ዱባ አልመሰለም፤ አንገቱ ረዘም፣ ታቹ ሞላ ያለ፣ ቆዳው እንደ ደረቀ አገዳ የገረጣ ነበር።

«ይሄማ ቅል ነው!» አለች እትዬ መዲና ገና ስታየው። «ልጅቷ አታላችኋለች። ቅል ደግሞ እንኳን ለሰው ለአህያም አይሆንም፤ መራራ ነው።»

ወተት በቅል ለሚያልብ፣ በቅል ለሚንጥ ለራያ ሰው፣ አንገት ያለው ፍሬ ሁሉ ቅል ነው፤ ስለዚህ ያመናት ሰው ብዙ ነበር። ያማሩትን መርጣ፣ አንገታቸውን በገመድ አስራ፣ ደርቀው የወተት ዕቃ እንዲሆኗት ከቤቱ ክፈፍ ሥር ሰቀለቻቸው። ወር ሳይሞላ ለስልሰው፣ ፈርጠው፣ ከሥራቸው የተኛችው እናት ዶሮ ላይ ፈሰሱ። ጎረቤት ሁሉ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እትዬ መዲና «ውሃ በዝቶበት ነው» ብላ ገመዱን ጠቅልላ አስቀመጠች፤ ቅል ነው ማለቷን ግን አልተወችም።

የቆቦ ገበያ ቀን፣ እሷ በሌለችበት፣ ሰናይት መጥታ አንዱን ደጃፋችን ላይ ለሁለት ሰነጠቀችው። ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ሳየው እጄን ሰደድኩ። ቆዳው ጠንክሮ ቢላዋው እየተንሸራተተብኝ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እያሳየችኝ፣ አንገቱን ለብቻ፣ ሆዱን ለብቻ ከተፍኩት፤ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን ጨምሬ፣ እንዳይፈርስ ሳላማስል ከደንኩት። ያ በቤታችን የተሠራ የመጀመሪያው የአዲሱ ዱባ ወጥ ነው። አባቴ ከማሳ ገብቶ ሲቀምሰው ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ ነገር ስኳር ነካክቶታል እንዴ?» አለ፣ ደግሞ ጎረሰ። እንግዲህ አባቴ ጣዕሙን ያውቅ ነበር። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ክረምት ገባ። እኔ አሥረኛ ዓመቴን አልፌ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ሳይቀር በጎረቤት ልጆች እርዳታ እያነበብኩ፣ ትምህርት ቤት የሚባለውን ከአጥር ውጭ ብቻ ነበር የማውቀው። አንድ ምሳ ላይ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«መዲና፣ ይቺ ልጅ ለመስከረም ትግባ።»

«ወጥ ያላወቀች ልጅ ደብተር ታቅፋ ልትውል? ነገ ባሏን ሀ ሁ ልታበላው ነው?»

«እንግዲያው የጅጊው ቀን ወጡን እሷ ትሥራ። ሰው ከበላላት ትገባለች፤ ካልበላላት ያንቺ ናት።»

«ብቻ ያን ቅሏን እንዳትቀቅልላቸው!»

«እሱን ነው የምሠራው» አልኩ። ከእሷ ጋር ቃል ስመላለስ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ መዲና ጎርሳ የነበረውን ሳታላምጥ አየችኝ።

ጅጊ ማለት መንደሩ ተጠራርቶ የአንዱን ማሽላ በአንድ ቀን አርሞ የሚጨርስበት፣ ባለቤቱ ደግሞ አብልቶ የሚሸኝበት ነው፤ በዚያ ቀን የቀረበ ወጥ ዓመቱን ሙሉ ይወራል። ከጠዋት ጀምሬ ስከትፍ፣ ሳቁላላ፣ ስቀምስ ቆየሁ። ሦስቴ ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ነበር። ከዚያ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ እትዬ መዲና ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ድስቱን ስትከድን ደረስኩ።

«ጨው አንሶት ነበር፤ ጨመርኩልሽ» አለችኝ።

አመሰገንኳት። አዎ፣ አመሰገንኳት።

ወንዶቹ ግራሩ ሥር በየትሪው ዙሪያ ተቀመጡ። ቢስሚላህ ተባለ። ቀድሞ የጎረሰው የመንደሩ ቀልደኛ ጋሽ ይመር ነበር፤ ፊቱ ተጨማዶ፣ ዞር ብሎ ተፋና አባቴን «ኧረ ሁሴን! አረም ልናርም መጣን እንጂ፣ እኛንም ጡት ልታስጥሉን ነው እንዴ?» አለ። እናቶች ልጅ ሲያስጥሉ ጡታቸውን የሚቀቡት እሬት ነውና ሁሉም በሳቅ ወደቀ። ሌላው ቀመሰ፣ ተፋ። ሌላው ደረቁን እንጀራ ቆርሶ ተነሣ። እትዬ መዲና ነጠላዋን አስተካክላ ከበሩ ላይ፣ «እኔ ምን አልኩ? ቅል ነው አላልኩም? ማን ሰምቶኝ!» አለች።

አባቴ ብቻ አልተነሣም። እጆች ሁሉ ከሸሹት ትሪ ላይ ብቻውን፣ ሳይቸኩል፣ ፊቱን ሳያጨማድድ እየጎረሰ፣ መሶብ እንደሚጠርግ ሰው ጥርግ አድርጎ በላው። ከዚያ ታጠበ፣ አልሐምዱሊላህ አለ፣ ወደ ማሳው ወረደ። ወደ እኔም ወደ እህቱም አላየም።

እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አጥሩ ሥር ያለው እሬት አንድ ቅጠሉ ከግንዱ ተገንጥሎ፣ ስብራቱ ገና ያነባ ነበር። ስመለስ ጣቶቿን አየኋቸው፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ዙሪያው ቢጫ ነበር። ማየቴን አየች፤ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች። የአባቴን እህት፣ በጋሽ ይመርና በያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በምን አፌ ልወንጅል? አባቴ ራሱ ውጦት ሲያበቃ ማን ያምነኛል?

ሦስት መስከረም ሌሎች ልጆች ሲሄዱ አጥር ተደግፌ ቆጠርኩ። በአራተኛው አባቴ ማንንም ሳያማክር እጄን ይዞ ወስዶ አስመዘገበኝ፤ ከትከሻዬ በታች ከሆኑ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ መዲና ያን ቀን እራት አልበላችም።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በየበልጉ ያንን ዱባ እሷ ፀሐይ በምትሞቅበት አጥር ሥር እዘራው ነበር። በየመኸሩ ቀቅዬ መጀመሪያ ለእሷ አቀርብላት ነበር፤ «ቅል አልበላም» ትል ነበር፣ እኔም «እንደ ወደድሽ፣ እትዬ» እል ነበር። ሰናይት ለመንደሩ ሁሉ ዘሩን አከፋፍላ፣ ቆቦ ገበያ ላይ ተከምሮ መሸጥ ሲጀምር፣ ጋሽ ይመር ሳይቀር እየተሸከመ ሲያልፍ፣ ከመንደሩ ሳትቀምሰው የቀረች እሷ ብቻ ሆነች። ሌሎች ሲጎርሱ አፏ ውኃ ሲሞላ አይ ነበር። ቅር አላለኝም። የክፍል ደረጃዬ በወጣ ቁጥርም ካርዴን እሷ በተቀመጠችበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለአባቴ አነብለት ነበር።

አባቴ ሲሞት እትዬ መዲና ቆቦ፣ እኔ ወደማስተምርበት መጣች፤ ልጇ የምትኖረው አማቶቿ ዘንድ ነው፣ ሌላ ማን አላት? ዋጃ ካለችው ልጇ የተወለደችው ፈትያም ለሁለተኛ ደረጃ እኔ ዘንድ ገባች። አያቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታያት። አንድ ቅዳሜ ልብስ አብረን ስናጥብ ቀና ብላ፣

«እቴቴ ሀዋ፣ አያቴ ባትኖር አትማሪም ነበር አይደል? አባትሽ እንቢ ሲል ለምና ያስገባችሽ እሷ ናት አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«ራሷ ነቻ! ሁልጊዜ ነው የምትነግረኝ።»

እጄን ከአረፋው አወጣሁ፣ አደራረቅኩ፣ ከዚያ ነገርኳት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፤ የተገነጠለውን ቅጠል፣ ቢጫውን ጥፍር፣ ሦስቱን መስከረም።

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ።»

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ ገመዱ ላይ አሰጣች። «አሁን ለምን ነገርሽኝ? አርጅታለች እኮ» አለች በመጨረሻ። እጄን መልሼ አረፋው ውስጥ ከተትኩ። መልሱ ግን ቀላል ነበር፤ ሦስት ዓመቴን የወሰደችው ሳያንስ፣ የተማርኩባቸውንም «የእኔ ውለታ ናቸው» ስትል ዝም አልላትም።

ያን ጊዜ ያየሁትን የምነግረው ሰው አጥቼ ከዶሮዎቹ ጋር ጓሮ ቆሜ ነበር፤ አሁን የራሴ ቤት፣ የራሴ ድስት፣ የሚያምነኝም ሰው አለኝ። በዚያ ቅዳሜ ምሳውን የሠራችው እትዬ መዲና ነበረች። እንደ ወትሮዋ ለልጅ ልጇ አስቀድማ ጠቅልላ «ብይ የኔ ዓለም» አለቻት። ፈትያ ጉርሻውን በእጇ ተቀበለች፤ ወደ አፏ ከማድረሷ በፊት ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

እትዬ መዲና ይህን አየች። ቀስ ብላ ዞራ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።