ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚጠፋው ዋይፋይ

ባለቤቴ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ነው። ጠዋት ሰርቪሱ ከወሰደው በኋላ ግቢ ውስጥ የምንቀረው እኔና አባቱ ብቻ ነን። አማቴ እዚሁ አቃቂ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቁርሳቸውን ይበሉና ጓሮ ወዳለችው ቆርቆሮ ዕቃ ቤት ይገባሉ። እሳቸው "ወርክሾፕ" ነው የሚሏት። ለምሳ ይወጣሉ። እኔ ደግሞ ለአንድ ቢሮ የሕንፃ ንድፍ የምሠራው ከቤት ነው፤ ቢሮ የምሄደው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ከሰላምታና "ምሳ ደርሷል" ከሚል ነገር አልፈን ብዙም አውርተን አናውቅም ነበር። ጠብ የለም። እሳቸው ዝምተኛ ናቸው፣ እኔም አማቴን እፈራለሁ።

አሮጌው ራውተር ሲሞቅ ራሱን እያጠፋ አስቸገረን። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ነቅሎ መሰካት ሲሰለቸኝ ሳሪስ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ቴክኒሻን ሳልጠራ ራሴው ሳሎን ውስጥ ገጠምኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝም የአሮጌውን ስምና ፓስወርድ እንዳለ ለአዲሱ ሰጠሁት። እንዲህ ካደረግኩ ስልኮቻችንም፣ ላፕቶፔም፣ ቴሌቪዥኑም እንደገና ፓስወርድ ሳይጠይቁ ራሳቸው ይገናኛሉ። እንዳሰብኩትም ሆነ። ማታ ባለቤቴ ሲገባ ምንም ሳይነካ ስልኩ ሠራለት፣ "ጎበዝ" አለኝ።

አሮጌውን ቆራሌው ሲያልፍ ይውሰደው ብዬ ከበሩ አጠገብ ከባዶ ጠርሙሶች ጋር አስቀመጥኩት። በማግስቱ ሳይ ጠርሙሶቹ አሉ፣ ራውተሩ የለም። ቆራሌው የሚጠቅመውን መርጦ ወሰደ ብዬ ረሳሁት።

ለሦስት ቀን ሰላም ሆንን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአለቃዬ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገርን ፊቱ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ስልኬን አየሁት፤ ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ከሥሩ ግን "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ሳሎን ሄጄ አዲሱን ራውተር ነቀልኩና ሰካሁት። አረንጓዴ መብራቶቹ በሙሉ በሩ። ወደ ሥራ ክፍሌ ተመለስኩ፤ አሁንም የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ራሱ መጣ።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

"አጥፍተሽ አብሪው" አለኝ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ።

"አጥፍቼ አብርቻለሁ።"

"እንደገና አጥፍተሽ አብሪዋ።"

የደንበኞች አገልግሎት ጋ ደወልኩ። ሙዚቃውን ጨርሼ ያገኘኋት ልጅ ትሑት ነበረች። "በእኛ በኩል መስመሩ ጤነኛ ነው፣ እህቴ" አለችኝ። አላመንኳትም። ግን እውነቷን እንደሆነ በራሴው አረጋገጥኩ፤ ላፕቶፔን ሳሎን ወስጄ በኬብል ከአዲሱ ራውተር ጋር ሳገናኘው ኢንተርኔቱ እንደ ውኃ ይፈሳል። ኬብሉን ነቅዬ ወደ ክፍሌ ስመለስ ይጠፋል። ስለዚህ ችግሩ ከግድግዳው ነው አልኩ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንስቼ መስኮቱ ላይ አደረግኩት፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከዚያ መጋረጃውን ሰብስቤ ወንበር ላይ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ይጠፋል፣ ወደ ስድስት ሰዓት ይመጣል።

ዓርብ ማለዳ መድረስ የነበረበት የአንድ መጋዘን ንድፍ ነበረኝ። ሐሙስ ጠዋት መላክ ጀመርኩ፣ ግማሽ ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቆመ። በመጨረሻ ላፕቶፔን በቦርሳ ይዤ በታክሲ ሳሪስ ወጣሁና አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ አዝዤ ላክሁት። ስመለስ ፀሐዩ አናቴን መትቶኛል፣ ጫማዬ አቧራ ሆኗል። አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ደክሞሻል" አሉኝ።

"ኢንተርኔቱ ነው፣ አባባ። አዲስ ገዝቼም ያው ሆነብኝ።"

"ምን ይላል?"

ምን እንደሚልም፣ ሥራ ለመላክ ሳሪስ ድረስ መሄዴንም ነገርኳቸው። ይረዱኛል ብዬ ሳይሆን ለሆነ ሰው መናገር ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን አቋርጠው "መቼ መቼ ነው?" አሉ።

"ጠዋት ነው የሚብስበት።"

"ጠዋት ስንት ሰዓት? በየቀኑ?"

በትክክል አላውቅም ነበር። ወንበር ሳብ አድርገው እንድቀመጥ አመለከቱኝ።

"አንድ ማሽን ነበረን" አሉ። "ከሰዓት በኋላ ብቻ ክር ይበጥሳል። ሁለቴ ፈታትነን ገጠምነው፣ ዕቃ ቀየርንለት፣ ያው ነው። በኋላ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ልጅ ናት 'ፀሐይ በዚያ መስኮት ስትገባ ነው የሚበጥሰው' ያለችን። ክሩ ሲደርቅ ነው ለካ! መስታወቱን ቀለም ቀባነው፣ አለቀ። ማሽኑ ምንም አልነበረበትም።" ቀጠሉና "እሷን ነው ኋላ ያገባሁት" አሉ።

ስለ ባለቤቴ እናት ሲያወሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

"አትነካኪው። ሲጠፋ ሰዓቱን ጻፊ። ሲመጣም ጻፊ። ሳይጽፉ ማሽን መፍታት ዕቃ ማበላሸት ነው።"

ከሰኞ ጀምሬ ጻፍኩ። ማክሰኞም ጻፍኩ። ረቡዕ ወረቀቱ ባዶ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ጭራሽ አልጠፋም። ተስተካከለ ብዬ ደስ አለኝ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ግን እንደገና ጠፋ። ምሳ ላይ ወረቀቱን ይዤ ቀረብኩና አነበብኩላቸው።

"ሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። ማክሰኞ ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ተኩል። ረቡዕ የለም። ዛሬ ከሦስት ከሩብ እስከ አሁን ቅድም።"

"ረቡዕ የለም?" አሉ።

"ምንም።"

ጉርሻቸውን መሶቡ ላይ መልሰው አስቀመጡት። "ረቡዕ እኔ ቀብር ውዬ ነው የመጣሁት" አሉ ቀስ ብለው። እጃቸውን ታጠቡና ወደ ጓሮ ሄዱ። አስቀይሜያቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው ተመለሱ። በእጃቸው አሮጌውን ራውተር ይዘዋል።

"ይቺ ትሆን እንዴ?" አሉኝ።

ከጠርሙሶቹ መሃል ያነሱት እሳቸው ነበሩ ለካ። ወርክሾፓቸው ወስደው ከፍተውታል። ውስጡ አንዲት ያበጠች ትንሽ ዕቃ አግኝተው፣ ከአሮጌ ሬዲዮ አምሳያዋን ነቅለው በካውያ በይደው ተክተዋታል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሶኬት ላይ እየሰኩ እስከ ምሳ እያበሩ ያቆዩታል፤ ሳይሞቅ፣ ሳያጠፋ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማየት። አሥር ቀን ሳያጠፋ ከሠራ ሊሰጡን አስበው ነበር።

"የኢንተርኔት ሽቦ የላትም እኮ፣ ከምንም ጋር አላገናኘኋትም" አሉ። "መብራቷን ብቻ ነው የማየው።"

የሥራ ክፍሌና ወርክሾፓቸው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሁለቱ ራውተሮች አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ አላቸው። ስልኬና ላፕቶፔ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም፤ ቅርብ ሆኖ ጎላ ብሎ የሚሰማቸውን ይይዛሉ። ቅርቡ ደግሞ የእሳቸው ነው፤ እሱ ጋ ኢንተርኔት የለም።

ሳቄ መጣ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፤ ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል።

"ሥራሽን ያበላሸሁት እኔ ነኛ" አሉ። "በዚያ ፀሐይ ሳሪስ ድረስ..."

"አይደለም፣ አባባ። አንድ ስም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስማቸው ቢለያይ ኖሮ እርስዎ ዓመት ሙሉ ቢያበሩት ምንም አይሆንም ነበር።"

የተናገርኩት እውነት ነበር፣ እሳቸው ግን ማጽናኛ መሰላቸው። ስለዚህ በዓይናቸው እንዲያዩት ወርክሾፑ ገባን። እንዲሰኩት ነገርኳቸው። ስልኬን በመሃላችን ይዤ ጠበቅን። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ "ኢንተርኔት የለም" የሚለው ጽሑፍ ወጣ። "ንቀሉት" አልኳቸው። ነቀሉት፤ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። "እስቲ ድገሚው" አሉ። ደገምን። ሦስተኛውን ራሳቸው ስልኩን ይዘው እኔ እንድሰካ አደረጉ። ጽሑፉ ሲወጣ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ፊታቸው መለስ አለ።

ማታ ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ "ኢንተርኔቱ እንዴት ሆነ?" አለኝ።

"ተገኘ።"

"ምን ነበረው?"

እንዴት እንደምለው ሳስብ አባቱ ከሶፋው ላይ "እኔ ነበርኩ" አሉት። ባለቤቴ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ሲያይ አማቴ መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። እኔም ከቀን ጀምሮ አፍኜ የያዝኩትን ለቀቅኩት። ነገሩን ለባለቤቴ በቅጡ ለማስረዳት ብዙ ቆየን።

አሮጌው ራውተር ለቆራሌው ሳይደርስ ቀረ። አሮጌውም ከአዲሱ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ቅዳሜ ኬብል ገዝተን ከሳሎን እስከ ወርክሾፑ ዘረጋን። እኔ በግድግዳው ሥር ልጎትተው ነበር። አማቴ ግን "ዝናብና አይጥ አለ" ብለው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በቀጭን ቱቦ ውስጥ አሳለፉት፣ በየክንዱ ልዩነትም በሚስማር አሰሩት። የእኔ ድርሻ ቅንብሩ ነበር። ሁለቱ እንደገና እንዳይጋጩ የአሮጌውን የኔትወርክ አድራሻ ቀየርኩ፣ ለመሣሪያዎቹ አድራሻ የማደሉን ሥራ ለአዲሱ ብቻ ተውኩ። መጀመሪያ አንዱን ኬብል በተሳሳተ ቀዳዳ ሰክቼ ግማሽ ሰዓት ለፋሁ። አማቴ አጠገቤ ቆመው "ጻፊው" አሉኝ፤ ጻፍኩት።

"የአሮጌውን ስም ማን ልበለው?" ስላቸው ብዙ አላሰቡም።

"ወርክሾፕ በይው።"

ልጃቸው የሰጣቸውን ስልክ እስከዚያ ድረስ ለመደወል ብቻ ነበር የሚጠቀሙበት። አሁን ቪዲዮ መክፈት ተምረዋል። ባለፈው ሻይ ይዤላቸው ስገባ ሌላ አገር ያለ አንድ መካኒክ የውኃ ፓምፕ ሲፈታ እያዩ ነበር። "ቡሎኑን ያለ ቅባት ይመታዋል፣ ተመልከቺው" አሉኝ ተናደው። አብሬያቸው ትንሽ አየሁ። ሰውየው ቡሎኑን ሲሰብረው "ምን አልኩሽ?" አሉና ሻዩን ተቀበሉኝ።