ሁለቴ የተደመረው ሦስት ሰዓት

ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል። ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ኮድ መርምሮ የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አታመልጠውም ይባላል። ይባላል እንጂ፣ ሰው ነውና ታመልጠዋለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረበለት እርማት አሥራ አንድ መስመር ነበር። የአንድ ሆስፒታል መዝገብ የሚቀመጠው ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር፣ በዚያው አገር ሰዓት ስለሆነ፣ ወደዚህ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ይደመርበታል። ሌሎቹ የፕሮግራሙ ገጾች በትክክል አንዴ ይደምራሉ። መርፌ የተሰጠበትን ሰዓት የሚይዘው ገጽ ግን ሲቀበልም ሲያሳይም እየደመረ ኖሯል። ሁለት ሰዓት ላይ የተሰጠ መርፌ አምስት ሰዓት ተብሎ ይወጣል ማለት ነው።

አሮጌውን መስመር ማን እንዳሳለፈው ተመለከተ። ራሱ ነው። ጸሐፊው ወዳጁ ስለነበር ላይ ላዩን አይቶ ይለፍ ብሎት ነበር።

ታላቅ እህቱ በዚያ ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ነበረች። አምና አንድ በሽተኛ ሞተና መዝገቡ ሲታይ መርፌውን ሦስት ሰዓት አዘግይታለች ተባለ፤ ተባረረችና እሱ ቤት ገባች። በሰዓቱ ነው የሰጠሁት እያለች ወራት ሙሉ ስታለቅስ፣ ወንድም ተብዬው ኮምፒውተር ምን ቂም ይዞብሽ ይዋሻል አላት። ኋላ ላይ ማልቀሷንም መናገሯንም ተወች።

እርማቱ የሚያቀናው የወደፊቱን ብቻ ነው። አለቃው ዘንድ ገብቶ የቀድሞውም ይታረም ቢል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ዝም ብለህ አሳልፍ አለው። አላሳለፈም። «የቀድሞው መዝገብ ይታረም። ስህተቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ እርማቱ ሥር ከነስሙ ጻፈ፤ ወረቀት ላይ አትሞም ወደ ቤቱ ሮጠ።

እህቱ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። ሁሉንም ነገራት።

«በሰዓቱ ነው የሰጠሽው፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው። አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን።»

የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች።

«ተው እንጂ፣ ለኔ ብለህ አትዋሽ» አለችው በዝግታ። «በሰዓቱ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር እንጂ፣ ዘግይቼ ነበር እኮ። ሰውየው ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ሲጠብቀኝ ይታየኛል።»

ወረቀቱን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።