ከጋቢው ሥር ያለው ሰሊጥ

የሞቀ የሰሊጥ ዘይት ሲሸተኝ ዛሬም ባምባሲ የአባቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ያልኩ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ፊዚዮቴራፒ የምትማረው የልጅ ልጄ ትከሻዬን ልታሽልኝ ዘይት ስታሞቅ፣ ያ ሽታ ቤቱን ሞልቶ ልጅ አደረገኝ።

አባቴ ወጌሻ ነበር። ከወለጋ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ቢሆንም፣ ሰው የሚያውቀው በማረሻው ሳይሆን በጣቶቹ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ያንሸራተተውን ሁሉ በቃሬዛም በአህያም ያመጡለት ነበር፤ እሱም እጁን በዘይት አሙቆ፣ ከሚያመው ቦታ ራቅ ብሎ ዙሪያውን ቀስ አድርጎ ዳብሶ፣ በሽተኛውን በወሬ አዘናግቶ፣ ሥጋው ሲላላለት ብቻ ወለምታውን ይመልስ ነበር። የተሰበረውን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ያስረዋል፤ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ግን «ይሄ የእኔ አይደለም፣ አሶሳ ሆስፒታል ውሰዱት» ይል ነበር። ተራ አያዘልልም፤ ባለ በቅሎው ሹም እንኳ ቀድሞት ከመጣው ቀርከሃ ሻጭ ኋላ ይቀመጥ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ፍርደ ገምድል ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ ሥራ ሲቀል፣ ታላቅ ወንድሜን ገመቹን ሙያውን ያስተምረው ጀመር። ጣውላ ላይ ጥቂት የሰሊጥ ፍሬ በትኖ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ያለብስና «ስንት ነው? የት የት ነው?» ይለው ነበር። ገመቹ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው እየተጫነ አንዱንም አያገኝም።

«ለእኔም ተራ ይሰጠኝ» አልኩ።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «የሴትን እጅ ሙቀጫ ያሻክረዋል፤ የሻከረ እጅ ደግሞ አይሰማም።»

«ሙቀጫውን ማን ሰጠኝ? ለገመቹም ስጠውና እኩል እንሻክር!»

አንገቷን ልትታሽ የመጣችው የበርታዋ ጎረቤታችን እትዬ አምና በሳቅ ወደቀች። «ወላሂ እውነት ነው! ለእኛ ተራ ተራ ትላለህ፣ ቤትህ ተራ የለም?»

አባቴ ፊቱን ወደ እትዬ አምና አንገት መለሰ። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሙቀጫውን አልነካም አልኩ። እናቴ አላስገደደችኝም፤ ፈገግ ብላ ያልተወቀጠውን እህል ለሁላችን ንፍሮ ቀቀለች፤ በማግስቱም ንፍሮ፣ በሦስተኛውም ቀን ንፍሮ።

«አባ፣ ስጣት በቃ! ሆዴ ተነፋ!» አለ ገመቹ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ አባቴ። «ከሳትሽ ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ።»

እትዬ አምና ለሁለተኛ ጊዜ ልትታሽ መጥታ ነበርና ምስክር ሆና ተቀመጠች። እጄን እንደሱ በዘይት አሙቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቶቼን ጋቢው ላይ ሳልጫን አንሸራተትኩ።

«ሦስት» አልኩ።

«ሳትሽ። ያኖርኩት ሁለት ነው።» ጋቢውን አነሣው፤ ጣውላው ላይ ሁለት ፍሬ። ገመቹ በደስታ ዘለለ።

«ሦስት ናቸው!» ብዬ ጋቢውን ከእጁ ነጥቄ እጥፋቱን ስዘረጋው፣ አንዲት ፍሬ ከድሩ መሀል ተሰክታ ነበር። አባቴ ፍሬዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። «ነይ» አለኝ፤ እጄን ይዞ እትዬ አምና አንገት ላይ አኖረው። ሙቀጫውም ከዚያ ቀን ጀምሮ በተራ ሆነ።

ሚያዝያ ላይ ማንጎ ደርሶ ልጆች ከዛፍ ሲወድቁ፣ አባቴ «መኸራችን ገባ» እያለ ይቀልድ፣ ቁርጭምጭሚቱንም ሁሉ ለእኔ ይተውልኝ ነበር።

እና ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ «አያቴ፣ የት ነው የሚያምሽ?» ስትለኝ ትከሻዬ ላይ አንድ ቦታ አሳየኋት። ዳበሰችና «ሁለት ቦታ ነው» አለች። «አንድ ነው ያልኩሽ!» ልላት አፌን ስከፍት ጣቷ ከማጅራቴ ሥር አረፈና አሞኝ ዘለልኩ። እሷ አጥንቱን ሁሉ ከነስሙ ታውቀዋለች፤ ክፍሏ ውስጥ ወንዱም ሴቱም አብሮ ይማራል፤ ለተራዋ ሦስት ቀን ንፍሮ አላስበላችም፣ ይህም ደስ ይለኛል። እኔ እንዲያምኑኝ ጋቢ መዘርጋት ነበረብኝ፤ እሷን ግን ሳልከራከር አመንኳት።